አልዶ ሊዮፖልድ እና የዱር እንስሳት አያያዝ የድኅረ ምረቃ ትምህርት አጀማመር

መግቢያ

የዱር እንስሳት ጥበቃና የኢኮቱሪዝም አስተዳደር ዛሬ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ ደረጃ የሚሰጥ የትምህርት ዘርፍ ነው። ተማሪው የእንስሳትን ብዛት መገመት፣ የመኖሪያ አካባቢን ሁኔታ መመዘን፣ የጎብኚዎችን ጫና መቆጣጠር እና በጥብቅ ስፍራ ዙሪያ ከሚኖረው ሕዝብ ጋር ተግባብቶ መሥራት ይማራል። ይህ ሙያ ራሱን የቻለ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሆኖ መሰጠት የጀመረው ግን ከመቶ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። በአሜሪካ ለዚሁ ተብሎ የመጀመሪያው የፕሮፌሰርነት ወንበር የተቋቋመው በ1933 ሲሆን፣ ወንበሩን የያዘውም አልዶ ሊዮፖልድ ነበር። እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሊዮፖልድ በአብዛኛው የሚታወሰው በተፈጥሮ ጸሐፊነቱ ነው። በመምህርነት የሠራው ሥራ ግን ለዘርፉ ተመራማሪዎች ከዚያ ያላነሰ ትርጉም አለው። የሙያው መሥራች ወደ ሥራው የገባው ተኩላን ማጥፋት ለአጋዘን ይበጃል የሚል እምነት ይዞ ነበር፤ በመጨረሻ ያስተማረው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የሕይወት ጉዞ የድኅረ ምረቃ ትምህርቱ ለምን በመስክ ምልከታና የራስን ግምት በመፈተን ላይ እንደተመሠረተ ያስረዳል።

ልጅነትና የሙያ ሥልጠና

ሊዮፖልድ ጥር 11 ቀን 1887 በአይዋ ግዛት በበርሊንግተን ከተማ፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ተወለደ። ቤተሰቡ የጀርመን ዝርያ ያለው ሲሆን፣ አባቱ ካርል የጽሕፈት ጠረጴዛ የሚያመርት ድርጅት ነበረው። አባትየው አደን ወዳድ ቢሆንም፣ ሕግ ከመደንገጉ በፊት በራሱ ላይ ገደብ የጣለ፣ የወፎች ቁጥር ሲመናመን ከማደን የሚታቀብ ሰው ነበር። ልጁ ከአባቱ ጋር ረግረጉንና ደኑን እያዘወተረ ያደገ ሲሆን፣ ገና በለጋ ዕድሜው ያያቸውን ወፎች በማስታወሻ ይመዘግብ ነበር። ይህ የመመዝገብ ልማድ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም።

በዚያን ጊዜ በተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ መስክ ለመሥራት ለሚሻ ወጣት የተከፈተው ዋናው በር የደን ትምህርት ነበር። የዬል ዩኒቨርሲቲ የደን ትምህርት ቤት በ1900 የተመሠረተው ከፒንሾ ቤተሰብ በተገኘ ገንዘብ ነው። ሊዮፖልድ ከዚህ ትምህርት ቤት በ1909 የማስተርስ ዲግሪውን ተቀበለ። ትምህርቱ ደንን በዋነኛነት የእንጨት ምርት ምንጭ አድርጎ የሚመለከት ስለነበር፣ ስለ ዱር እንስሳት የቀሰመው ሥልጠና እጅግ ጥቂት ነበር። በኋላ ለተማሪዎቹ ያደራጀውን ትምህርት እርሱ ራሱ አላገኘውም።

በደቡብ ምዕራብ፦ ከተኩላ አደን እስከ ጊላ

እንደተመረቀ የአሜሪካን የደን አገልግሎት ተቀላቅሎ በአሪዞና ወደሚገኘው የአፓቺ ብሔራዊ ደን ተመደበ። የተሰጠው ሥራ የደን ቅኝት ቡድን መምራት ነበር። በዚያው በ1909 ዓ.ም. በቅኝት ላይ ሳሉ ከባልደረቦቹ ጋር ተኩላዎችን ተኩሰው ገደሉ። በዘመኑ ይህ ድርጊት ማብራሪያ የሚጠየቅበት አልነበረም። ተኩላና የተራራ አንበሳ ከጠፉ አጋዘን ይበዛል፤ አጋዘን ከበዛ ደግሞ አዳኙ ይጠግባል የሚለው ሐሳብ በባለሙያውም በአርቢውም ዘንድ እንደ ማያጠያይቅ እውነት የሚታይ ነበር። ሊዮፖልድም በቀጣዮቹ ዓመታት በኒው ሜክሲኮ የአዳኞች ማኅበራትን ሲያደራጅ ሥጋ በል አራዊትን ፈጽሞ ማጥፋትን በይፋ ይሰብክ ነበር።

በ1912 የካርሰን ብሔራዊ ደን ኃላፊ ሆነ፤ በዚያው ዓመትም ኢስቴላ በርጊርን አገባ። በ1913 የጸደይ ወራት በተራራ ላይ በዝናብና በበረዶ ከተመታ በኋላ በጽኑ የኩላሊት ብግነት ታመመ። ለሞት ካበቃው ሕመም አገግሞ ወደ ሥራው ለመመለስ ከዓመት በላይ ፈጀበት። ሲመለስ እንደ ቀድሞው በፈረስ ተራራ ለተራራ የሚያንከራትት ሥራ ስላልተፈቀደለት፣ ትኩረቱ ወደ ዱር እንስሳትና ወደ መዝናኛ ስፍራዎች አስተዳደር አዘነበለ።

ለዛሬው የኢኮቱሪዝም ተመራማሪ ትኩረት የሚስበው አንዱ ሥራው በዚህ ወቅት የተዘጋጀ ነው። ግራንድ ካንየን በ1919 ብሔራዊ ፓርክ ከመሆኑ በፊት በደን አገልግሎት ሥር ይተዳደር ነበር። ጎብኚው ሲበዛ በገደሉ አፋፍ ላይ ሥርዓት የሌለው ንግድ፣ ማስታወቂያና ቆሻሻ ተስፋፋ። ሊዮፖልድ ከባልደረባው ከዶን ጆንስተን ጋር በ1917 ለስፍራው የሥራ ዕቅድ አዘጋጀ። ዕቅዱ ግንባታና ንግድ የት መሆን እንዳለባቸው፣ የት ደግሞ መከልከል እንዳለባቸው የሚወስን ነበር። ስለዚህ ጎብኚ ራሱ ሊያየው የመጣውን ነገር ሊያጠፋው እንደሚችል ሊዮፖልድ የተረዳው ገና በወጣትነቱ ነው።

መኪና ወደ ደኑ ዘልቆ በመግባት ላይ በነበረበት ወቅት ሌላ ሐሳብ አቀረበ። በ1922 በኒው ሜክሲኮ የጊላ ወንዝ መነሻ አካባቢ መንገድ፣ ሆቴልና ቋሚ ግንባታ የማይገባበት ምድር ሆኖ እንዲከለል ጠየቀ። ሐሳቡ በሰኔ 1924 ጸደቀ። የጊላ ጥብቅ ምድር በአሜሪካ ብሔራዊ ደኖች ውስጥ በዚህ መልክ የተከለለ የመጀመሪያው ስፍራ ሲሆን፣ በ1964 ለወጣው የአገሪቱ የጥብቅ ምድር ሕግም መንገድ ጠራጊ ነበር።

ከመስክ ቆጠራ ወደ ፕሮፌሰርነት ወንበር

ሊዮፖልድ በ1924 በዊስኮንሲን ግዛት በማዲሰን ከተማ ወደሚገኘው የደን ውጤቶች ምርምር ላቦራቶሪ ተዛወረ። የእንጨት ቴክኖሎጂ ግን ልቡን አልሳበውም። በ1928 የመንግሥት ሥራውን ትቶ፣ የጦር መሣሪያና ጥይት አምራቾች ተቋም በመደበው ገንዘብ በሰሜን ማዕከላዊ ግዛቶች የሚታደኑ እንስሳትን ሁኔታ ማጥናት ጀመረ። ከግዛት ግዛት እየተዘዋወረ ገበሬዎችን፣ አዳኞችንና ሳይንቲስቶችን ጠየቀ፤ የእርሻ ለውጥ በድርጭትና በሌሎች ወፎች ላይ ያስከተለውን ውጤት መዘገበ። የጥናቱ ዘገባ በ1931 ታተመ።

ከዚህ ሥራ ያገኘው መደምደሚያ ለሙያው መሠረት ሆነ። የእንስሳት መመናመን ዋነኛ ምክንያት ጥይት ብቻ ሳይሆን የመኖሪያ አካባቢ መጥፋት ነው። አጥር የሚሸፍነው ቁጥቋጦ ሲመነጠር፣ ረግረጉ ሲጠነፈፍ፣ ማሳው ጥግ እስከ ጥግ ሲታረስ፣ አደን ቢከለከል እንኳ ወፉ አይመለስም። በመሆኑም ጥበቃ ከክልከላ አልፎ የመኖሪያ አካባቢን መልሶ ወደ ማልማት መሸጋገር ነበረበት። በ1933 የታተመው የዱር እንስሳት አያያዝ መጽሐፉ ይህንን ሐሳብ በሥርዓት ያቀረበ የመጀመሪያው የመማሪያ መጽሐፍ ነው። መጥረቢያ፣ ማረሻ፣ ከብት፣ እሳትና ጠመንጃ እንስሳትን ያጠፉ መሣሪያዎች ቢሆኑም፣ በዕውቀት ከተያዙ መልሰው ሊያለሟቸው ይችላሉ የሚለው ሙግት የመጽሐፉ አስኳል ነው።

በዚያው ዓመት የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በምሩቃኑ የምርምር ፋውንዴሽን የአምስት ዓመት ድጋፍ የዱር እንስሳት አያያዝ ፕሮፌሰርነትን አቋቋመ። ወንበሩ የተመደበው በሥነ ሕይወት ሳይሆን በግብርና ኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ውስጥ መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። አብዛኛው የግዛቱ እንስሳ የሚኖረው በገበሬው መሬት ላይ ስለሆነ፣ ጥናቱም ከገበሬው ኑሮ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም ነበር። በ1939 ሊዮፖልድ የሚመራው ራሱን የቻለ የዱር እንስሳት አያያዝ ትምህርት ክፍል ተቋቋመ። በእነዚሁ ዓመታት የሙያ ማኅበርና ከ1937 ጀምሮ የሚታተም የምርምር መጽሔት በመመሥረታቸው፣ ዘርፉ የራሱ ወንበር፣ የራሱ መማሪያ መጽሐፍና የራሱ መጽሔት ያለው ሆነ።

የማስተማር ዘዴውና ተማሪዎቹ

ሊዮፖልድ በማዲሰን ያስመረቃቸው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ከሃያ በላይ ብቻ ናቸው። ቁጥሩ አነስተኛ ይሁን እንጂ አመራረጡም ሆነ አመራሩ ጥብቅ ነበር። ተማሪው አንድ የእንስሳ ዝርያና አንድ የተወሰነ መሬት ይዞ ለበርካታ ወቅቶች እዚያው እንዲቆይ ይደረግ ነበር። በፈተናም ከመጽሐፍ የተሸመደደ መልስ አይጠየቅም። ይልቁንም የአንድ መሬት ገጽታ ይቀርብለታል፤ በቆመው ዛፍ ዓይነት፣ በአፈሩ መሸርሸር፣ በአጥሩ ሥር በበቀለው አረም ተመርኩዞ ቀደም ሲል በዚያ መሬት ላይ ምን እንደተፈጸመ፣ ወደፊትም ምን ሊሆን እንደሚችል እንዲያመዛዝን ይጠየቃል።

የትምህርቱ ቤተ ሙከራ ሜዳው ነበር። ዩኒቨርሲቲው በ1934 ያስመረቀው የዕፀዋት ማዕከል የተራቆተ የእርሻ መሬትን ወደ ጥንቱ የሣር ምድር ለመመለስ ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች አንዱ ሲሆን፣ ሊዮፖልድ ከጥናቱ መሪዎች መካከል ነበር። ከ1931 ጀምሮ በራይሊ መንደር ገበሬዎችና የከተማ አዳኞች የጋራ ማኅበር አቋቋሙ። ገበሬው መሬቱን፣ የከተማው ሰው ደግሞ ገንዘቡንና ጉልበቱን አዋጣ፤ ለክረምቱ መኖና መጠለያ አዘጋጁ፣ አደኑንም በመጠን አደረጉ። ፌቪል ግሮቭ በተባለው አካባቢም ተማሪዎቹ ከገበሬዎች ጋር እየሠሩ ጥናታቸውን ያካሂዱ ነበር። ዛሬ ማኅበረሰብን ያሳተፈ ጥበቃ የሚባለው አሠራር ዋና ዋና ባሕርያት በእነዚህ አነስተኛ ሙከራዎች ውስጥ ይታያሉ።

ከተማሪዎቹ መካከል ፍሬድሪክና ፍራንሲስ ሃመርስትሮም የተባሉት ባልና ሚስት ለአሥርት ዓመታት የሜዳ ዶሮን በማጥናት ዝርያው ከዊስኮንሲን እንዳይጠፋ ከፍተኛ ድርሻ አበርክተዋል። ፍራንሲስ በሊዮፖልድ አማካሪነት የድኅረ ምረቃ ዲግሪ ያገኘች ብቸኛ ሴት ነበረች። ጆሴፍ ሂኪ ደግሞ በኋላ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ፣ በ1968 ከዳንኤል አንደርሰን ጋር ባሳተመው ጥናት የአንዳንድ ሥጋ በልና ዓሣ በል ወፎች የእንቁላል ቅርፊት መሳሳቱን በማሳየት፣ ዲዲቲ የተሰኘው ፀረ ተባይ እንዲታገድ ለቀረበው ክርክር ማስረጃ አቅርቧል።

የአቋም ለውጥ

ሊዮፖልድ ስለ ሥጋ በል አራዊት የነበረውን እምነት የለወጠው በአንድ ጀምበር አይደለም። በ1935 ወደ ጀርመን ተጉዞ የደንና የአጋዘን አያያዝን አጠና። በዚያ ያየው ደን ተርታውን የጠበቀ፣ ከአንድ ዓይነት ዛፍ የተተከለ ነበር፤ አጋዘኖቹም በሰው እጅ መኖ የሚሰፈርላቸው ነበሩ። ተኩላ የለም፤ አጋዘኑ ከሥር የሚበቅለውን ሁሉ ስለሚግጠው ደኑ ሕይወት አልባ ሆኗል። በተከታዩ ዓመት በሰሜን ሜክሲኮ በሴራ ማድሬ ተራሮች ወደ ጋቪላን ወንዝ ተጓዘ። በዚያ ደግሞ ተኩላውም፣ የተራራ አንበሳውም፣ አጋዘኑም አብረው ይኖራሉ፤ አፈሩ አልተሸረሸረም፤ ወንዙም ጥርት ያለ ነው። ከድንበሩ ባሻገር እርሱ ራሱ በወጣትነቱ ያስተዳደረው መሬት ግን በግጦሽና በጎርፍ ተጎድቶ ነበር። የሁለቱ ንጽጽር አንድ ዝርያን ነጥሎ ማብዛት ከመሬት ጤንነት ጋር አንድ እንዳልሆነ አሳየው።

ፈተናው በ1943 የዊስኮንሲን የጥበቃ ኮሚሽን አባል ሆኖ ሲሾም ወደ አደባባይ ወጣ። የግዛቱ አጋዘን ከመኖው በላይ በዝቶ በክረምት በረሃብ ይሞት ነበር። ሊዮፖልድ ሴት አጋዘኖችም ጭምር እንዲታደኑ ተከራከረ። በዚያ ዓመት የአደን ወቅት ከ120,000 በላይ አጋዘኖች ተገደሉ፤ የሕዝቡ ቁጣም በረታ። ቀድሞ አጋዘን ይብዛ ብሎ የሰበከው ሰው አሁን አጋዘን ይቀነስ ባይ ሆኖ መቅረቡ ከብዙ አዳኞች ጋር አቃቃረው። የተኩላውን መገደል የሚያወሳውን ዝነኛ ድርሰቱን የጻፈው ከዚህ ክርክር መሐል፣ በ1944 ነው። በዚያ ድርሰት ተኩላውን በተኮሰበት ጊዜ ከተራራው አንጻር ማሰብ ያልቻለ ወጣት እንደነበር ይናገራል።

እዚህ ላይ አንድ የአጠናን ጉዳይ መጠቀስ አለበት። ሊዮፖልድ ለሙግቱ ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ በአሪዞና የካይባብ አምባ አጋዘን ታሪክ ነበር። አራዊቱ ከተገደሉ በኋላ አጋዘኑ እጅግ በዝቶ በረሃብ አለቀ የሚለው ትረካ ለብዙ ዓመታት በመማሪያ መጻሕፍት ሲደገም ኖረ። ግሬም ኮግሊ በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ግን የአጋዘኑ ቁጥር በአስተማማኝ ቆጠራ ላይ እንዳልተመሠረተ፣ የግጦሽ ከብት መቀነስን የመሳሰሉ ሌሎች ምክንያቶችም እንዳልተለዩ አሳየ። ትችቱ የሊዮፖልድን ጠቅላላ ሐሳብ ባያፈርስም፣ ጥሩ ሐሳብ ደካማ አኃዝ ላይ ሊያርፍ እንደሚችል ለተመራማሪዎች ማስጠንቀቂያ ሆኗል።

የጎብኚው ጥያቄ

ኢኮቱሪዝም የሚለው ቃል በሊዮፖልድ ዘመን አልነበረም። ይሁን እንጂ በ1938 ስለ ጥበቃና ስለ ውበት ስሜት ያሳተመው ጽሑፍ የዘርፉን ዋና ችግር አስቀድሞ ያነሳ ነው። ሰው ወደ ዱር የሚሄደው የተለያየ ነገር ፈልጎ መሆኑን በመለየት ይጀምራል። አንዱ ይዞት የሚመለሰውን ነገር፣ ማለትም ቀንድን፣ ዓሣን ወይም ፎቶግራፍን ይሻል፤ ሌላው ብቸኝነትን፤ ሌላው ንጹሕ አየርን፤ ሌላው ተፈጥሮ የምትሠራበትን ሂደት ማስተዋልን፤ ሌላው ደግሞ መሬትን በእጁ መንከባከብን። ከእነዚህ መካከል የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሰው በበዛ ቁጥር ይመናመናሉ። ብቸኝነት በተለይ መንገድ በተሠራለት ልክ ይጠፋል። ማስተዋል ግን ብዙ ሰው ስለተካፈለው አያንስም፤ ወደ ሩቅ አገር መጓዝንም አይጠይቅም።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ለአስተዳዳሪው ፈታኝ ነው። የመንገድን ርዝመት፣ የአልጋን ብዛትና የጎብኚን ቁጥር መጨመር ብቻ ልማት ሊባል አይችልም፤ መልማት ያለበት የጎብኚው የማየት ችሎታ ነው። ሊዮፖልድ ይህንን ሐሳብ በራሱ ቤተሰብ ላይ ሞክሮታል። በ1935 በዊስኮንሲን ወንዝ ዳር ያረጀና አሸዋማ የእርሻ መሬት ገዛ፤ ከቀረው የዶሮ ቤት በስተቀር የሚያስጠልል ቤት አልነበረውም። ያንን የዶሮ ቤት አድሰው ቅዳሜና እሑድ እየሄዱ ከባለቤቱና ከአምስት ልጆቹ ጋር በሺዎች የሚቆጠሩ የጥድ ችግኞችን ተከሉ። በመጀመሪያ ከተተከሉት አብዛኞቹ በድርቅ ደረቁ፤ ቤተሰቡ ግን በየጸደዩ እንደገና ከመትከል አልቦዘነም። ሊዮፖልድ በዚያ የእያንዳንዱን አበባ መፍኪያና የእያንዳንዱን ወፍ መምጫ ቀን ይመዘግብ ነበር።

ማጠቃለያ

ሚያዝያ 21 ቀን 1948 በአንድ ጎረቤት እርሻ ላይ የሣር እሳት ተነሣ። ሊዮፖልድ እሳቱን ለማጥፋት ሲረዳ በልብ ድካም በ61 ዓመቱ ሞተ። ሌሎች አሳታሚዎች የመለሱትን የድርሰቶቹን ስብስብ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት መቀበሉን የሰማው ከአንድ ሳምንት በፊት ነበር። መጽሐፉ በልጁ በሉና አርታኢነት በ1949 ታተመ፤ የሰው ልጅ ሥነ ምግባር አፈርን፣ ውኃን፣ ዕፀዋትንና እንስሳትን ጭምር እንዲያቅፍ የሚጠይቀውን የመሬት ሥነ ምግባር ሐሳብም ለዓለም አስተዋወቀ።

ያስቀረው ውርስ በመጽሐፍ ብቻ የሚለካ አይደለም። የበኩር ልጁ ስታርከር በ1963 የመራው ኮሚቴ ያቀረበው ዘገባ የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች እንስሳትን ነጥለው ሳይሆን ከነሥነ ምኅዳራቸው እንዲያስተዳድሩ መመሪያ ሆነ። በዶሮ ቤቱ ዙሪያ የተመዘገቡት የወቅት ክስተቶች በልጁ በኒና ተቀጥለው፣ በ1999 በታተመ ጥናት የጸደይ ምልክቶች በርካቶቹ ቀደም ብለው መታየት እንደጀመሩ ለማሳየት አገለገሉ። ምዝገባው ሲጀመር የአየር ንብረት ለውጥ የጥናቱ ዓላማ አልነበረም። በ1998 ደግሞ የሜክሲኮ ተኩላ እንደገና ወደ አፓቺ ደን ተለቀቀ፤ ሊዮፖልድና ባልደረቦቹ ተኩላ የተኮሱት በዚሁ ደን ነበር።

ለዘርፉ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ከዚህ ሕይወት የሚቀረው ቁም ነገር ግልጽ ነው። ሊዮፖልድ የተሳሳተው ዕውቀት የጎደለው ሰው ስለነበረ አይደለም፤ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ የተሻለ የሠለጠነ ባለሙያ ነበር። የሳተው ሥልጠናው መሬቱን ከመጠየቅ ስላዘናጋው ነው። በኋላ ያቋቋመው ትምህርት ይህንን ክፍተት ለመድፈን የታለመ በመሆኑ፣ ተማሪው አንድ ቦታ ረጅም ጊዜ ቆይቶ እንዲመለከት፣ ያየውን እንዲመዘግብና የራሱን እምነት ባየው ነገር እንዲፈትን ያስገድዳል። የጥብቅ ስፍራዎች ስኬት በጎብኚ ቁጥርና በገቢ ብቻ በሚመዘንበት ጊዜም፣ መሬቱ ራሱ ምን እየሆነ እንደሆነ የሚያነብ ባለሙያ ማፍራት የዚህ ትምህርት ቀዳሚ ኃላፊነት ሆኖ ይቀጥላል።